መርዶ ይዤ ወደ ግራና

ልብስ ሰፊ ነኝ። ወልድያ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ያን ሁሉ ዓመት ብረግጥም ከበርጩማዬ ፈቀቅ ብዬ አላውቅም። ሳይክል የነዳሁት ልጅ ሳለሁ ነው፣ ሜዳ ላይ፣ በኪራይ። ከዚያ በኋላ ሆዴ ወጣ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ጦርነቱ ባይመጣና የእህቴ ባል ባይሞት ኖሮ፣ እንኳን አገር ላቋርጥበት፣ ዳቦ ለመግዛትም በሳይክል የምሄድ ሰው አልነበርኩም።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ እህቴ ትንሿን ልጇን ይዛ ወደ መርሳ ሸሸች። ባሏ የመርሳ ተወላጅ ስለነበር እዚያ የአባቱ ቤት አለ። እሱ ግን አልሄደም። አናጢ ነበር፤ እንጨቱም መሣሪያውም ግቢው ውስጥ ነው። «ሁላችንም ከሄድን ቤቱ የማን ይሆናል? እናንተ ቅደሙ፣ ነገሩ ሲረጋ እመጣለሁ» ብሎ ሸኛቸው። ነገሩ ግን አልረጋም። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ገባች፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ነዳጅ አልቆ ባጃጆቹ በየደጁ ቆሙ። መርሳ ቅርብ ናት፤ በደህናው ጊዜ ሚኒባስ ላይ እንቅልፍ ሳይወስድህ ትደርሳለህ። ያን ሰሞን ግን ከሱዳን የራቀች ሆነችብን።

አማቼ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ሞተ። ከባድ መሣሪያ ተተኮሰ፣ ከውሃው ወረፋ አጠገብ ወደቀ። ከየትኛው ወገን እንደመጣ ያኔም አልጠየቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም። የዚያኑ ቀን ቀበርነው። ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። ጥቂት ሆነን፣ ጎንበስ ጎንበስ እያልን ተሸክመነው ሄድን። ቄሱም ፍትሐቱን ቶሎ ቶሎ ነው ያደረሱት። ሰው ቀብሮ የሚመለስ ሳይሆን ሰርቆ የሚሸሽ ነበር የምንመስለው።

ከሰልስቱ በኋላ የእድራችን ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ቤቴ መጡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና፦

«እህትህ ሰምታለች?» አሉኝ።

«ከየት ትሰማለች፣ አባባ? ስልኩ ዝግ ነው።»

«እንግዲያ ሰው በወሬ ሳይነግራት ቅደም። ዛሬ ነገ ከዚህ የሚሸሽ ሰው መንገድ ላይ ያገኛትና ‹ነፍስ ይማር› ይላታል። ያን ጊዜ የሟቹ አጥንት ይቀየምሃል።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«ስማኝ። ብቻህን እንዳትነግራት። በቀትር እንዳትነግራት። ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስበህ፣ ሴቶቹ በግራ በቀኝ ይዘዋት ይነገራት። ልጅቷን ቀድመህ ጎረቤት ቤት አስወስዳት።»

«እዚያ ማንንም አላውቅም እኮ። ማንን ነው የምሰበስበው?»

«በወሎ ምድር ለመርዶ ሰው አጥቶ የተመለሰ አልሰማሁም» አሉና ዱላቸውን አነሱ።

በእግሬ እንዳልሄድ ጉልበቴ ቁልቁለት አይችልም። በቅሎ የለኝም። የነበረችው የሟቹ ሳይክል ናት። ጥቁር፣ ከባድ፣ እንጨት እየጫነ የሚዞርባት ናት። ልጁ ከእኔ ሱቅ ወለል የለቀመችውን ባለቀለም ቁርጥራጭ ጨርቅ መሪው ላይ ግራና ቀኝ ጠምጥማበታለች፤ ሲሄድ ጫፍ ጫፉ ይውለበለባል። ሚስቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ። እኔ መርፌና የጂንስ መስፊያ ክር በኪሴ ያዝኩ፤ ልማድ ነው፣ መርፌ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። በማግስቱ ማለዳ ስወጣ ሚስቴ በሩ ላይ «እንዳትወድቅ» አለችኝ።

ከወልድያ መውጫ ላይ ወደቅኩ። ፍሬኑ የኋላው ብቻ ነው የሚይዘው፤ እኔ የፊተኛውን ጨመቅኩ። ቁልቁለቱ ወሰደኝና ጠጠር ውስጥ ከተተኝ። መዳፌ ተላጠ፣ ሱሪዬ ከጉልበቱ ተቀደደ። ተነስቼ አቧራዬን ሳራግፍ ከኬላው ሁለት ታጣቂዎች እያዩኝ ነበር። አንደኛው ጠራኝ። ቋጠሮዬን አስፈታ፣ በሶውን በጣቱ አማሰለ፣ ኪሴን ፈተሸ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ መርሳ።»

«ምን ልትሠራ?»

መዋሸት አሰብኩ፤ ውሸት ግን ቶሎ አይመጣልኝም። «መርዶ ላደርስ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ሞቶ?»

«የእህቴ ባል።»

ዕድሜው ከሃያ ብዙም አያልፍም። ጓደኛውን አየ፣ ሳይክሏን አየ፣ የተላጠ መዳፌን አየ። «ሂድ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እውነቱን የነገርኩት ለዚያ ታጣቂ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ወገን ነበር፤ ለወገን ደግሞ ዋሸሁ።

ከሲሪንቃ በፊትም በኋላም በመንገዱ ዳር ሰው አለ። ፍየል የሚነዳ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ታማሚ በቃሬዛ የያዘ። ከወልድያ እንደመጣሁ ሲያውቁ ያስቆሙኛል። «ወልድያ እንዴት ናት? እነ እገሌ ደህና ናቸው?» የማውቀውንም የማላውቀውንም «ደህና ናቸው» እላለሁ። አንዲት ሴት የአማቼ የሥራ ጓደኛ ሚስት ነኝ አለችና «አናጢውስ?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። «ሰላም በልልኝ» አለች። «እሺ» ብዬ ረገጥኩ።

አስፋልቱ ላይ መኪና አልነበረም። የተቃጠለ መኪና አለ፤ የሚሄድ የለም። መቀመጫው ሥጋዬን ይቆርጠኝ ጀመር። ዳገት በመጣ ቁጥር እወርድና እገፋለሁ፤ ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው መውደቅ ትዝ እያለኝ ከሳይክሏ እወርድና ይዣት አዘግማለሁ። እንዲህ ከሆነ ሳይክሏን ለምን ይዤ ወጣሁ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። መርሳ ስደርስ ቀትር አልፎ ነበር። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች በተለመደው ቦታቸው አልነበሩም።

የአማቼ የአባት ቤት ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤት ያሉ ሴትዮ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፦ «እሷማ ወደ ውርጌሳ ወጣች። ውጊያው እዚህ ይሆናል ሲባል ልጇን አዝላ ከሰዉ ጋር ሄደች» አሉኝ። ከዚያ ሳይክሏን አዩ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ምንም አልጠየቁኝም። እግሬን እንድታጠብ ውሃ አቀረቡልኝ፣ እንጀራ በሽሮ አበሉኝ፣ መደብ ለቀቁልኝ። ጠዋት ስወጣ ብቻ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ።

የውርጌሳ ዳገት ገደለኝ። የነዳሁበት ጊዜ አለ ለማለት ያሳፍረኛል፤ ገፋሁ። የሚያልፈኝ ሕዝብ በሙሉ ወደ ታች ነው፣ እኔ ብቻ ወደ ላይ። ከታች ሲሸሹ ከላይ ጦርነት ቀድሟቸው እየተመለሱ ነበር። ባቴ እንደ ገመድ ተቋጥሮ አላንቀሳቅስ አለኝ፤ መንገድ ዳር ተቀምጬ በጡጫ ደበደብኩት። አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ብረት ተሸክመህ ወደ እሳት ትሄዳለህ?» አሉ። ተነስቼ መግፋቴን ቀጠልኩ።

ውርጌሳ ልደርስ ስል ከመርሳ የተሰደዱ ሴቶች ዛፍ ሥር አርፈው አገኘሁ። አንደኛዋ እህቴን ታውቃታለች።

«እሷ እኮ የለችም» አለችኝ። «ልጇን ትኩሳት ያዛት። ወደ ግራና ተመልሳ ወርዳለች። የባሏ አባት ወዳጅ የነበረ ገበሬ ቤት ነው ያለችው፣ እስላም ናቸው፣ ከግራና አለፍ ብሎ።»

የወጣሁት ሁሉ ከንቱ ሆነ። መቀመጫው ላይ እንኳ መቀመጥ አቅቶኝ ሳይክሏን አስተኝቼ አጠገቧ ተኛሁ። ያን ጊዜ አማቼን ክፉኛ ተቀየምኩት። እሱ ቤቱን ብሎ ቀርቶ ሞተ፤ እኔ በእሱ ብረት ከተራራ ተራራ እንከራተታለሁ። ሙት አይወቀስም ይላሉ፤ እኔ ግን ወቀስኩት፣ ጮክ ብዬ። ሴቶቹ ሰምተው ይሆናል።

ስመለስ የኋላው ጎማ ስለታም ድንጋይ ላይ ወጣና ተተረተረ። የውስጡ ጎማ በማጣበቂያ የሚያዝ አልነበረም፤ ተቀዷል። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከማሳው ደረቅ የማሽላ ቅጠል ለቀምኩ፣ በጎማው ውስጥ እስኪጠብ ጠቀጠቅኩ፣ የተተረተረውን በጂንስ ክር መስፋት ያዝኩ። መርፌው አልበሳ እያለኝ በድንጋይ እየመታሁ ገፋሁት፤ ጣቴ ደማ። ከዚያ በኋላ ሳይክሏ እየተንገጫገጨች፣ እንደ አንካሳ አህያ ብትሄድም፣ ሄደች።

መርሳ ዳግመኛ አደርኩና በሦስተኛው ቀን የግራናን መንገድ ያዝኩ። አፈር ነው፤ ወንዝ ማቋረጫው አሸዋ ነው፤ አሸዋው ውስጥ ሳይክል መንዳት እንኳን ለእኔ ለሚያውቅበትም አይሆንም። ግራና ገበያዋ ባዶ ነበር። ጠይቄ ጠይቄ ወደ መንደሩ የሚወስደውን መንገድ አሳዩኝ። እህቴ ካለችበት ቤት በፊት ያለ አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ ውሃ ልጠይቅ ቆምኩ። ነጭ ጢም ያላቸው ገበሬ የማሽላ አገዳ ሲከምሩ ነበር።

«ቤቶች፣ እንዴት ዋላችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግባ፣ ግባ። እንግዳ በደጅ አይቆምም።»

ውሃ ጠጣሁ። ማን ዘንድ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ወንድሟ ነህ?»

«አዎ።»

«ለደግ አልመጣህም።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ከወልድያ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ በቀብሩም አላለቀስኩም። ገበሬው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእድሩ ዳኛ ያሉኝንም። «አንቱ ካልረዱኝ ሰው የለኝም፣ አባባ» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ እናደርሰዋለን። እዚሁ ታድራለህ። ጎህ ሲቀድ ሰዉን ሰብስቤ አብረን እንሄዳለን።» ከዚያ ዓይናቸው ሳይክሏ ላይ ወደቀ። «ይቺን ታውቃታለች?»

«የባሏ ናት።»

«ያ አላህ! በሩቅ ብታያትስ ምን ልትል ነው?» ብድግ አሉ። ይህን እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አላሰብኩትም። ከአቧራና ከዳገት፣ ከጎማና ከባቴ ሌላ ያሳሰበኝ አልነበረም። በሁለት ሆነን ሳይክሏን ከቤቱ ጀርባ ወስደን በአገዳው ክምር ሸፈንናት።

የገበሬው ሚስት ጎመንና ባቄላ አቀረቡልኝ። «ለእናንተ የማይሆን ነገር አላስገባሁበትም፣ ብላ» አሉኝ። እየበላሁ ሳለ ከጓሮ የልጆች ድምፅ ሰማሁ። የገበሬው የልጅ ልጆች ነበሩ መሰለኝ። ቀጥሎ አንዲት የማውቃት ድምፅ መጣች።

«ይሄ ጨርቅ የኔ ነው!»

የእህቴ ልጅ ናት። ከነዚያ ልጆች ጋር ልትጫወት መጥታ ነበር። የአገዳው ክምር የመሪውን ጫፍ በደንብ አልሸፈነውም። ሮጣ ወደ ቤቱ ስትገባ አየችኝ።

«አጎቴ! አጎቴ!» አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ትኩሳቱ አክስቷታል፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። «አባዬስ? አባዬ የት አለ?»

ገበሬውን አየሁ፤ እሳቸውም እኔን አዩ። ያልኩትን አስቤ አላልኩትም።

«ኋላ ነው» አልኳት።

ከእጄ አመለጠች። «አባዬ መጣ! ሳይክሉ መጣ!» እያለች በመንገዱ ሮጠች። ልነሳ ብሞክር ባቴ ተቋጠረና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ገበሬው «ያዟት!» ብለው ጮኹ፤ ሚስታቸው ነጠላቸውን አጣፍተው በማሳው መሃል በአቋራጭ ሮጡ። ጎረቤት ያሉ ሴቶችም ነገሩ ገብቷቸው ተከተሏቸው። ቀትር ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ። የእድሩ ዳኛ ያሉኝ ሁሉ ተገለባበጠ።

እኔ በገበሬው ትከሻ ተደግፌ ስደርስ እህቴ ከግቢው በር ላይ ቆማለች። ፊቷን ታጥባለች፤ ውሃው ገና ከአገጯ ይንጠባጠባል። ነጠላዋን ቀይራለች። ሴቶቹና ያስጠጓት ሰዎች ከጎኗ ቆመዋል፤ ማንም ገና አልነገራትም። እኔን አላየችኝም። ከእኔ አሳልፋ መንገዱን ነበር የምታየው።

«ወንድም ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለች፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ እንዳለ። «እሱ የት ቀረ?»

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት ገበሬው።

«አልቀመጥም። ወንድም ጋሼ፣ ሳይክሉ መጣ ብላለች እኮ። ያለ እሱ ማን ይነዳዋል?»

«እኔ ነኝ የነዳሁት» አልኳት።

ያኔ ነው የተመለከተችኝ። የተቀደደ ሱሪዬን፣ የደማ እጄን፣ የማነክስበትን እግር አየች። ገበሬው «የአላህ ውሳኔ ሆኖ…» ብለው ሲጀምሩ አልሰማቻቸውም፤ ፊቴ ላይ አንብባ ጨርሳለች። የወጣው ድምፅ የእህቴ አይመስልም። ሴቶቹ በግራ በቀኝ ያዟት፣ እንዳትወድቅ፣ ፊቷን እንዳትነጭ። ለማያውቁት ሰው፣ ለሌላ ሃይማኖት ሰው፣ እንደ ወንድማቸው አለቀሱለት። እስከ ማታ ድረስ ከየመንደሩ ሰው መጣ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ፤ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌም ከግራና ድረስ መጥተው «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» አሉ። በወልድያ ያላገኘውን ለቅሶ እዚያ አገኘ።

ልጅቷን የረሳናት ሁላችንም ነን። ፈልጌ ሳገኛት የነጭ ጢማሙ ገበሬ ጓሮ ውስጥ፣ ሳይክሏ አጠገብ ቁጭ ብላለች። አገዳውን ገፍፋ ጥላዋለች።

«ኋላ ነው አላልክም?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ትከሻዋ ላይ ላደርግ ስል ፈቀቅ አለች። እስኪጨልም እንደዚያው ተቀመጥን።

እህቴ ከእኔ ጋር ልትመለስ አልቻለችም፤ ልጅቷ ገና በቅጡ አላገገመችም፣ መንገዱም ክፉ ነበር። የመርዶውን ሰልስት እዚያው አድርሰን ብቻዬን ተነሳሁ። ሳይክሏን ልተውልሽ ብላት «ከፊቴ አጥፋት» አለችኝ። በመርሳና በሲሪንቃ መካከል ታጣቂዎች አስቁመው ወሰዱብኝ። «ጎማው ውስጥ ያለው ቅጠል ነው» ብላቸው ሳቁ፤ ግን ወሰዷት። አልተከራከርኩም። ከዚያ ወልድያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ጉልበቴ አይችልም ያልኩት ሁሉ ቻለ።

መንገዱ ሲከፈት እህቴ ከነልጇ መጣች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ መቃብሩ ነበር። ወሰድኳት። እኔው ራሴ ነኝ የቀበርኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ያን ሰሞን ግን በዚያ ጥግ ብዙ ሰው ተቀብሯል፤ ምልክት ያደረግንበትን እንጨትም ለማገዶ የፈለገ ሰው ነቅሎታል። ሁለት ጉብታዎች ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ። አንዱ የእሱ ነው። የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም።

እህቴ አልተቆጣችኝም። ከመሃላቸው ተንበርክካ መጀመሪያ ለአንዱ፣ ቀጥሎ ለሌላው አለቀሰች። ስትነሳ ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር አላራገፈችም። ወደ በሩ እየሄድን ሳለ ቆም ብላ ዞር አለችና ሁለቱንም ጉብታዎች አየች።

«የሌላኛውስ ሚስት» አለችኝ፣ «ሰምታ ይሆን?»